የቤት፣ የይዞታና የኢንቨስትመንት ፕሮጀክት ዋጋ እንዴት ይገመታል? ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳርቻ ባሉ ወረዳዎች የሚኖሩ ዜጎች ከመሬትና ከቤት ጋር በተያያዘ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲመጡ፣ በአብዛኛው ከሦስት ጉዳዮች አንዱን ይዘው ነው። አንዱ ከወላጆቹ የወረሰውን ቤት ለባንክ አስይዞ ፔንሲዮን ለመሥራት አስቧል። ሌላዋ በሊዝ ጨረታ ለካሬ ሜትር ምን ያህል ብር መጻፍ እንዳለባት መወሰን ተቸግራለች። ሦስተኛው ደግሞ ይዞታው ለሕዝብ ጥቅም ተፈልጎ የካሳ ግምት ደርሶታል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ያስረዳው የለም። የሦስቱም ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነው። ወደፊት ዓመት በዓመት የሚገኝ ገቢ ወይም ጥቅም ዛሬ ስንት ብር ያወጣል?

ይህ ማብራሪያ ለጥያቄው መልስ የሚሰጡትን የግመታ ስልቶች ያስተዋውቃል። ለምሳሌ የገቡት ሒሳቦች ስልቱን ለማሳየት የተወሰዱ እንጂ የከተማውን ወቅታዊ ዋጋ የሚያመለክቱ አይደሉም። አንባቢ በራሱ ቁጥር ተክቶ ሊሠራባቸው ይገባል።

የሚገመተው ምንድን ነው?

በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በመሬቱ ላይ በጉልበት ወይም በገንዘብ የተገነባው ቤት፣ የተተከለው ተክልና የተደረገው ቋሚ ማሻሻያ ግን የባለይዞታው ነው። ባለይዞታው ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው፣ ሊያስይዘው ይችላል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው ደግሞ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት።

ይህ ልዩነት ለግመታ ትልቅ ትርጉም አለው። በሐይቁ ዳር ያለ ቤትና ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ቤት በአንድ ዓይነት ድንጋይ፣ በአንድ ዓይነት ቆርቆሮ ቢሠሩም የገበያ ዋጋቸው እኩል አይሆንም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የቦታው ዋጋ ነው። ገዥ ሲከፍል ይህን አብሮ ይከፍላል፤ ሕጉ ግን ቦታውን እንደ ግል ንብረት አይቆጥረውም። በርካታ ቅሬታዎች የሚነሱት ከዚህ ክፍተት ስለሆነ፣ ዜጎች የተሠራላቸው ግምት የትኛውን ዋጋ እንደሚለካ አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ሦስቱ የንብረት ግመታ ስልቶች

በዓለም ዙሪያ ንብረት የሚገመተው በሦስት መንገዶች ነው። የመጀመሪያው የገበያ ንጽጽር ይባላል፤ በአካባቢው በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋ ተሰብስቦ፣ በስፋት፣ በዕድሜ፣ በመንገድ ዳርነትና በሌላውም ልዩነታቸው እየተስተካከለ የሚሠራ ነው። ስልቱ የሚያስተማምነው መረጃው እውነተኛ ሲሆን ነው። በእኛ ሀገር ሻጭና ገዥ በውሉ ላይ የሚያሰፍሩት ዋጋ ከእጅ በእጅ ክፍያው ዝቅ የማለቱ ልማድ የቆየ በመሆኑ፣ መዝገቡን ብቻ ያየ ገማች ንብረቱን ከገበያው በታች ይገምታል። ያን ዕለት ግብር ለመቀነስ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሌላ ቀን የጎረቤትን ቤት ዋጋ ያወርዳል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ ግብይትንና ግመታን በአንድ ሕግ ያገናኘውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው የመተኪያ ወጪ ስልት ነው። ቤቱ ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ በሲሚንቶ፣ በብረት፣ በእንጨትና በሠራተኛ ስንት ይፈጃል ተብሎ ይሰላል። ባንክ ለመያዣ ሲገምት ከዚህ ላይ የእርጅና ቅናሽ ያነሳል። ለካሳ ሲሆን ግን የካሳ አዋጁ ንብረቱን በአዲስ መልክ ለመተካት የሚያስችል ዋጋ እንዲከፈል ይደነግጋል። አንድ ቤት ባንክ ዘንድ አንድ ዋጋ፣ በካሳ ወረቀት ላይ ሌላ ዋጋ ቢኖረው የግድ ስሕተት ተፈጽሟል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው በገቢ ላይ የተመሠረተ ስልት ነው። ሱቅ፣ ሆቴል፣ የሚከራይ ቤት፣ የቡና ወይም የማንጎ ማሳ ዋጋው በሚያስገኘው ገቢ ይለካል። የዚህ ማብራሪያ ዋና ትኩረትም ይኸው ስልት ነው፤ ለኢንቨስትመንት ፕሮጀክት የሚሠራው የአዋጭነት ስሌት፣ ለሊዝ የሚቀርበው ዋጋና ለአርሶ አደር የሚከፈለው ካሳ ሁሉም የሚመነጩት ከእርሱ ነውና።

የዛሬ ብርና የነገ ብር

ዛሬ በእጅ ያለ 100 ብር እና የዛሬ ዓመት የሚገኝ 100 ብር እኩል አይደሉም። ለዚህ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ፤ ብዙ ሰው እነዚህን ስለሚያደባልቃቸው ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የዋጋ ንረት ነው። በ2014 ዓ.ም. በሀገራችን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የባንክ ተቀማጭ ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነበር። በዚያ ዓመት 100,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 ብር ቆጠረ። ንረቱን 30 በመቶ ብንል እንኳ፣ ያ ገንዘብ የሚገዛው ዕቃ ዓመቱ ሲጀምር 82,300 ብር ይገዛው የነበረውን ነው። ቁጥሩ አደገ፣ ገንዘቡ ግን ቀነሰ። ገንዘብ ያለው ሁሉ ወደ ቤትና ወደ ይዞታ የሚሮጠው ለምን እንደሆነ ይህ አንድ ስሌት በቂ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ንረት ባይኖርም የሚኖር ነው። ዛሬ ያለ ገንዘብ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል፤ የነገው ገንዘብ ደግሞ ላይመጣ ይችላል። መጠበቅ ዋጋ አለው፣ ሥጋትም ዋጋ አለው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኧርቪንግ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1930 ስለ ወለድ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በሥርዓት አብራርቶታል። ሐሳቡ ራሱ ግን እህል አበድሮ በመከር ጭማሪ የሚቀበል ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ስለዚህ የወደፊት ገቢ ወደ ዛሬ ሲመለስ ይቀነሳል። የሚቀነስበት መጠን የቅናሽ ምጣኔ ይባላል። በዓመት 6 በመቶ ከተቀነሰ፣ ከዓመት በኋላ የሚመጣ 1,000,000 ብር ዛሬ 943,000 ብር ገደማ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው 558,000 ብር ገደማ ይሆናል። የሁሉም ዓመታት ገቢ እንዲህ ተቀንሶ ሲደመርና ከመነሻው ወጪ ጋር ሲነጻጸር የሚቀረው ቁጥር የተጣራ የአሁን ዋጋ ይባላል። ከዜሮ በላይ ከሆነ ፕሮጀክቱ ባለቤቱን ያበለጽጋል፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ይሻል ነበር ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ግድ ይላል። ገቢው በዛሬ ዋጋ ከተሰላ፣ ምጣኔውም ከንረት በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳይ መሆን አለበት። ገቢው በየዓመቱ ከንረት ጋር እንዲያድግ ተደርጎ ከተሰላ ደግሞ፣ ምጣኔውም ንረትን የጨመረ መሆን አለበት። የሰሌን ክርና የባሕር ዛፍ ክንድ በአንድ ልኬት እንደማይለኩ ሁሉ ሁለቱን መቀላቀል ሒሳቡን ያበላሻል። ለባንክ በሚቀርቡ የአዋጭነት ጥናቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተትም ገቢን በየዓመቱ እያሳደጉ በዝቅተኛ ምጣኔ መቀነስ ነው፤ እንዲህ ከተሠራ የማያዋጣ ፕሮጀክት አይገኝም።

ምሳሌ፦ ባለ 20 ክፍል ፔንሲዮን በባሕር ዳር

አንድ ቤተሰብ በራሱ ይዞታ ላይ በ24,000,000 ብር ባለ 20 ክፍል ፔንሲዮን ለመገንባት አሰበ እንበል። የአንድ ክፍል የአዳር ዋጋ 1,200 ብር ነው። በዓመት ካሉት ቀናት በአማካይ ግማሹን ክፍሎቹ ቢከራዩ፣ 3,650 አዳር፣ ማለትም 4,380,000 ብር ገቢ ይገኛል። ለሠራተኛ፣ ለጥበቃ፣ ለመብራትና ውሃ፣ ለእድሳት፣ ለግብር 1,980,000 ብር ቢወጣ በዓመት 2,400,000 ብር ይተርፋል።

ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው ሒሳብ ግልጽ ነው፦ 24 ሚሊዮኑ በ2.4 ሲካፈል አሥር ዓመት። ይህ የመመለሻ ጊዜ ይባላል። ቀላልና ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የአሥረኛውን ዓመት ብር ከአንደኛው ዓመት ብር ጋር እኩል ያያል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ቤቱ ቆሞ መገኘቱንም ከሒሳብ አያስገባም።

አሁን በተጣራ የአሁን ዋጋ እንየው። ከአሥር ዓመት በኋላ ሕንፃው በዛሬ ዋጋ 18,000,000 ብር ያወጣል ብለን እንውሰድ። ከንረት በላይ 6 በመቶ የሚጠብቅ ባለሀብት የአሥሩን ዓመት ትርፍ ዛሬ 17.66 ሚሊዮን፣ የሕንፃውን ቀሪ ዋጋ ደግሞ 10.05 ሚሊዮን ብር ሆኖ ያገኘዋል። ድምሩ 27.71 ሚሊዮን ነው፤ ወጪው ሲነሳ 3.71 ሚሊዮን ብር ይተርፋል። 10 በመቶ የሚጠብቅ ባለሀብት ግን በዚያው ፕሮጀክት 2.31 ሚሊዮን ብር ይከስራል። ትርፉና ኪሳራው እኩል የሚሆኑበት ምጣኔ፣ የውስጥ ተመላሽ ምጣኔ የሚባለው፣ ከ8 በመቶ ጥቂት ከፍ ይላል። ፕሮጀክቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ምን ያስገኝ ነበር የሚለው ሳይታወቅ አይመለስም።

ነገር ግን ፕሮጀክቶችን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ምጣኔው ሳይሆን የክፍሎቹ መያዝ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው እንግዳ ወቅት አለው፤ ከመስከረም እስከ ጥምቀት ይበዛል፤ በክረምት ይሳሳል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ ችግር በተከታታይ ቱሪዝሙን እንደጎዱት ይታወቃል። በምሳሌያችን ግማሽ የነበረው ወደ 35 በመቶ ቢወርድ፣ ገቢው 3,066,000 ብር ይሆናል። ጥበቃው፣ አብዛኛው ሠራተኛና እድሳቱ ግን እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም የሚከፈልባቸው ናቸው። ወጪው ወደ 1,806,000 ብር ብቻ ቢወርድ ዓመታዊው ትርፍ 1,260,000 ብር ነው። አሥራ አምስት ነጥብ የወረደው የክፍል መያዝ ትርፉን በግማሽ ገደማ ቀነሰው፤ የተጣራው የአሁን ዋጋም በ6 በመቶ ሒሳብ 4.67 ሚሊዮን ብር ኪሳራ ይሆናል። በወረቀት ላይ የማይሞላ ሆቴል የለም። ስለዚህ የአዋጭነት ጥናት ያሠራ ሰው አጥኚውን መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ክፍሎቹ በምን ያህል ቢያዙ ፕሮጀክቱ ይወድቃል የሚለው ነው። ጥናቱ የሚሠራው ለባንክ ይመስላል፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ለባለቤቱ ነው።

ሌላው ፈተና ብድር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ15 በመቶ መነሻ የወለድ ምጣኔ ይፋ አድርጓል። ከወጪው ግማሹ፣ 12,000,000 ብር፣ በ16 በመቶ ወለድ ቢበደር የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 1,920,000 ብር ነው፤ ዋናው ብድር ገና አልተነካም። ንረቱ ከፍ ያለ ከሆነ ብድሩ በጊዜ ብዛት እየቀለለ ይሄዳል፤ ይህ እውነት ነው። ችግሩ ግን ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ፣ ፔንሲዮኑ ገና ደንበኛ ባላፈራበት ጊዜ መሆኑ ነው። በረጅም ጊዜ የሚያዋጣ ፕሮጀክት በሁለተኛው ዓመት ጥሬ ገንዘብ አጥቶ ለሐራጅ ሊቀርብ ይችላል። መያዣው የወላጆች ቤት ሲሆን ጉዳቱ ከሒሳብ በላይ ነው። ስለዚህ ከተጣራው የአሁን ዋጋ ጎን፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገቢና ወጪ በየወሩ ዘርዝሮ ማየት ግዴታ ነው።

ለሊዝ ጨረታ ምን ያህል ይጻፍ?

ከላይ ያለው ምሳሌ ቤተሰቡ ይዞታ እንዳለው ታስቦ የተሠራ ነው። ቦታው በሊዝ የሚገኝ ከሆነ፣ ያው ስሌት ለጨረታ የሚጻፈውን ከፍተኛ ዋጋ ይነግረናል። በ6 በመቶ የተረፈው 3.71 ሚሊዮን ብር ለመሬቱ ሊከፈል የሚችለው ጣሪያ ነው። ቦታው 500 ካሬ ሜትር ቢሆን ለካሬ ሜትር 7,400 ብር ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በላይ የጻፈ ሰው፣ ሌሎች ግምቶቹ ሁሉ ቢሳኩለት እንኳ፣ የሚፈልገውን ትርፍ አያገኝም። ይህ የቀሪ ዋጋ ስልት ይባላል፤ ከተጠናቀቀው ልማት ዋጋ ላይ የግንባታ ወጪውና የሚጠበቀው ትርፍ ተቀንሶ የሚቀረው የመሬቱ ነው ማለት ነው።

በጨረታ አዳራሽ ግን ሰው የሚጽፈው በአብዛኛው ባለፈው ዙር አሸናፊው የጻፈውን አይቶ ነው። ባለፈው ያሸነፈው ሒሳቡን ተሳስቶ ከነበረ፣ ስሕተቱ የሰፈሩ ዋጋ ይሆናል።

የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳያንስ፣ ቀሪው በየዓመቱ እንዲከፈልና ባልተከፈለው ላይ የባንክ የብድር ወለድ እንዲታሰብ ይደነግጋል። በዚህም የተነሳ ክፍያው በረጅም ዓመት መከፋፈሉ ብቻውን ዋጋውን ርካሽ አያደርገውም። የሊዝ ዘመኑ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ 70 ዓመት ሆኖ ተቀምጧል። ብዙዎች ዘመኑ ሲያልቅ ምን ይሆናል ብለው ይጨነቃሉ። በ6 በመቶ ሲሰላ ከ70 ዓመት በኋላ የሚገኝ አንድ ብር ዛሬ ሁለት ሳንቲም እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ አዲስ ሊዝ ለሚገባ ሰው የዘመኑ ማብቂያ ለውሳኔው ያለው ክብደት ትንሽ ነው። ቀሪው ዘመን 15 እና 20 ዓመት የሆነ ሕንፃ ለሚገዛ ወይም በመያዣ ለሚቀበል ግን ነገሩ ይለያል።

ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው መዘግየት ነው። የምሳሌው ፔንሲዮን ገንዘቡ ወጥቶ ሥራው በሁለት ዓመት ቢዘገይ፣ 27.71 ሚሊዮን የነበረው የወደፊት ጥቅም ዛሬ ወደ 24.67 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ከ3.71 ሚሊዮኑ ትርፍ የሚቀረው 670,000 ብር ገደማ ብቻ ነው። ሲሚንቶ ጠፋ፣ ፈቃድ ዘገየ፣ ኤሌክትሪክ አልገባም የሚሉት ምክንያቶች እያንዳንዳቸው በብር ይለካሉ። ይህ ለአልሚው ብቻ ሳይሆን አገልግሎት ለሚሰጠው ተቋምም የሚነገር ነው። በሐይቁ ዳር ለመገንባት ያሰበ ደግሞ የዳርቻውን ክልከላ የከተማው መዋቅራዊ ፕላን እንዴት እንዳስቀመጠው ገንዘብ ሳያወጣ ማረጋገጥ አለበት። ጣና ከነዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ሊገነባበት የማይፈቀድ ቦታ ደግሞ ምንም ያህል ውብ ቢሆን ለሆቴል የሚኖረው ዋጋ ዜሮ ነው።

የካሳ ስሌት፦ 15 እጥፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በዙሪያዋ ያሉ አርሶ አደሮች ይዞታቸውን የሚለቁበት አጋጣሚ ይኖራል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ በኋላ ከተደረገበት ማሻሻያ ጋር፣ የዚህን ሥርዓት ይወስናል። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት የሚነሳ አርሶ አደር የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያደርግ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት የማይገኝ ከሆነ፣ ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው በ15 እንዲባዛ አድርጓል። በመሬቱ ላይ ላለው ቤትና ተክል የሚከፈለው ለብቻው ይታያል።

15 የሚለው ቁጥር ውስጡ የቅናሽ ምጣኔ አለው። ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢው 60,000 ብር የሆነ አርሶ አደር 900,000 ብር ይከፈለዋል። ይህ ገንዘብ ለዘለዓለም በየዓመቱ 60,000 ብር እንዲያስገኝ ከተፈለገ፣ ከንረት በላይ 6.7 በመቶ ገደማ ማትረፍ አለበት። በቀድሞው 10 እጥፍ ደግሞ የሚያስፈልገው 10 በመቶ ነበር። ስለዚህ ማባዣው ከ10 ወደ 15 ከፍ ማለቱ ተነሺውን በግልጽ ይጠቅማል።

ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥስ? ወለዱ 7 በመቶ፣ የዋጋ ንረቱ ደግሞ ከ12 እስከ 13 በመቶ ቢሆን የገንዘቡ የመግዛት አቅም በየዓመቱ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቤተሰቡ በየዓመቱ የቀድሞ ኑሮውን የሚያህል፣ በዛሬ ዋጋ 60,000 ብር፣ እያወጣ ቢኖር ገንዘቡ በ11ኛው ዓመት ያልቃል። የአሥራ አምስት ዓመት ገቢ ተብሎ የተከፈለው አሥራ አምስት ዓመት አያደርስም። የማሳው ፍሬ ከገበያው ጋር አብሮ ዋጋው ይጨምር ነበር፤ በባንክ ደብተር ላይ ያለው ቁጥር ግን አይጨምርም። ተነሺዎች ካሳ ተቀብለው ገንዘቡ ገቢ በሚያስገኝ ነገር ላይ እስኪውል ያለው ጊዜ አጭር እንዲሆን የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው። መልሶ ማቋቋም ከካሳ ክፍያ ተለይቶ በአዋጁ የተደነገገውም በገንዘብ ብቻ የማይሸፈን ነገር በመኖሩ ነው።

የገቢው ማስረጃም ወሳኝ ነው። በማባዣው ምክንያት በዓመታዊ ገቢ ላይ የ4,000 ብር ስሕተት በካሳው ላይ 60,000 ብር ይሆናል። ማንጎ፣ ጌሾ፣ ቡናና መስኖ የሚያለማ ሰው የሸጠበትን ደረሰኝ፣ የማኅበር መዝገብና የግብርና ባለሙያ የጻፈለትን ምርት መጠን ሊይዝ ይገባል። የሚቆጠረው ከፍተኛው ዓመት ስለሆነ ያን ዓመት የሚያሳየው ማስረጃ እንዳይጠፋ ይጠንቀቅ።

በደብተር የማይገባ ዋጋ፦ የጢስ ዓባይ ምሳሌ

የመንግሥት ፕሮጀክት ሲገመት ስሌቱ ይሰፋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተሻጋሪ ገንዘብ አይቀበልም፤ ጥቅሙ የሚለካው ተሽከርካሪና እግረኛ በሚቆጥቡት ጊዜ፣ በነዳጅና በሚቀንሰው አደጋ ነው።

አስቸጋሪው ግን ጥቅሙ ለአንዱ፣ ጉዳቱ ለሌላው ሲሆን ነው። ለዚህ የዓባይን መውጫ ያህል ጥሩ አስረጂ አይገኝም። በጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። በ1988 ዓ.ም. ከሐይቁ መውጫ ላይ ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው ማመንጫ ተጨመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከሐይቁ ምዕራብ በዋሻ ውሃ የሚወስደው 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ።

ከውሃ የሚገኘው ኃይል በሚወድቅበት ከፍታ ይወሰናል። በበለስ በኩል ውሃው ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በጢስ ዓባይ ግን ከ50 ሜትር ብዙም አይርቅም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በበለስ ስድስት እጥፍ ገደማ ኃይል ይሰጣል ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው ወደ በለስ ሄደ፤ አሥር ዓመት ያልሞላው ሁለተኛው ማመንጫም ወደ ተጠባባቂነት ወረደ። ገንዘብ ወጥቶበታልና ይሥራ የሚል ክርክር እዚህ ላይ አያዋጣም። የወጣ ወጪ ወጥቷል፤ ውሳኔው የሚሰላው ከአሁን በኋላ ባለው ወጪና ጥቅም ብቻ ነው። ቤት ጀምሮ ለጨረሰበት ብር ሲል የማያዋጣውን የሚቀጥል ሰውም ከዚህ ሊማር ይችላል።

ጢስ እሳት ፏፏቴ ግን በበርካታ ወራት ሳስቶ ይታያል። አስጎብኚው፣ በጀልባ የሚያሻግረው፣ ቡና የምታፈላው እናት ያጡት ገቢ በማመንጫው ሒሳብ ውስጥ አልተጻፈም። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውሃ በእጅጉ በወረደ ጊዜ የጀልባ ጉዞ መቸገሩም እንዲሁ። ለኅብረተሰቡ የሚሠራ ግመታ እነዚህን ወጪዎች በብር ለክቶ ማስገባት፣ መለካት ያልቻለውንም በጽሑፍ ማስፈር አለበት። ያልተጻፈ ወጪ ዜሮ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ዜሮ ግን አይደለም። በመንደራቸው የሚካሄድ ፕሮጀክት ላይ ሕዝባዊ ውይይት ሲጠራ ነዋሪዎች ያጡትንና የሚያጡትን በቁጥር ይዘው ቢቀርቡ ድምፃቸው ክብደት ይኖረዋል።

ገማች ሲመጣና ቅሬታ ሲኖር

ግመታ ሙያ ነው፤ በሀገራችንም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት በዘርፉ ባለሙያዎችን ሲያስተምር ቆይቷል። ገማች በሚመጣበት ቀን ባለይዞታው ወይም ወኪሉ በቦታው መገኘት፣ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና የገቢ ማስረጃውን ማቅረብ፣ የተቆጠረው ክፍል፣ አጥር፣ ጉድጓድና ዛፍ በዝርዝሩ መግባቱን አይቶ መፈረም ይኖርበታል። የግምት ውጤቱ ሲሰጥ የትኛው ስልት፣ የትኛው የነጠላ ዋጋና የየትኛው ዓመት ዋጋ ጥቅም ላይ እንደዋለ መጠየቅ መብቱ ነው። በተለይ የነጠላ ዋጋው የቆየ ከሆነ በንረት ምክንያት ካሳው መልሶ ለመሥራት ላይበቃ ስለሚችል ይህን ለይቶ ማመልከት ተገቢ ነው።

በውሳኔው ያልረካ ተነሺ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ማመልከት፣ በዚያ ካልረካም ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ሥልጣን ወዳለው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቅሬታው ካሳው አንሷል ከሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይልቅ የትኛው መስመር፣ በስንት ብርና በምን ማስረጃ እንደተሳሳተ የሚያሳይ ቢሆን ሰሚው አካል በቁጥሩ ላይ እንዲወስን ያስገድደዋል። የ30 ቀኑ ጊዜ የሚቆጠረው ትእዛዙ ከደረሰበት ዕለት ስለሆነ፣ ወረቀቱን ሲቀበሉ ቀኑን በራስዎ ቅጂ ላይ ያስጽፉ።